ፈረስ የማያቆስል ድብዳብ፦ ማሽኖቹና አሠራሩ

ለጋሪ ፈረስ ድብዳብ፣ ማለትም የጋሪው ክብደት ጀርባው ላይ የሚያርፍበትን ባለ ትራስ ዕቃ፣ የሚሠራ ሱቅ ሊከፍት ያሰበ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ስለ ስፌት መኪና ነው። የትኛውን ልግዛ፣ ስንት ድርብ ቆዳ ይበሳል፣ ዋጋው ስንት ነው ይለኛል። እኔ ግን ከስፌት መኪናው በፊት የሱፍ መባዘቻ፣ ማለትም ሱፉን የሚያፍታታ ማሽን፣ እንዲያሠራ እመክረዋለሁ። ስፌት ቢጣመም በወስፌና በሲባጎ ይታረማል፤ ፈረሱንም አይጎዳውም። ውስጡ የተሞላው ሱፍ ጓል ከሠራ ግን የፈረሱ ጀርባ በጥቂት ቀናት ይላጣል፤ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ውድ መኪና ቢኖራችሁ የተላጠውን ጀርባ አይመልስላችሁም።

የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ከመንዝ የሚመጣ የበግ ፀጉር እዚህ አይጠፋም። ባና እና ዝተት የተባሉትን የሱፍ ልብሶች የሚሠሩ ሰዎች ረጅሙንና ለፈትል የሚመቸውን ስለሚመርጡ አጭሩና ሻካራው በርካሽ ይገኛል። ለድብዳብ የሚፈለገው ደግሞ ይኸው ሻካራው ነው። ለስላሳ ሱፍ ሲጫኑትና ላብ ሲነካው ተጣብቆ ይቀራል፤ ሻካራው ግን ፀጉሩ ጠንካራ ስለሆነ ተጭኖ ይመለሳል። ቢሾፍቱ፣ ሐዋሳ ወይም ባሕር ዳር ያላችሁ ሱፉን ከደጋ ማስመጣት ይኖርባችኋል እንጂ የቀረው አሠራር አንድ ነው።

ወደ ማሽኖቹ ከመግባቴ በፊት ድብዳብ ምን እንደሚሠራ በቁጥር ላሳያችሁ። ባለ ሁለት ጎማ ጋሪ ሲጫን የክብደቱ አንድ ክፍል በዘንጎቹ በኩል ፈረሱ ጀርባ ላይ ያርፋል። 20 ኪሎ ግራም ነው እንበል። ድብዳቡ በአከርካሪው ግራና ቀኝ የሚያርፉ ሁለት ትራሶች አሉት፤ እያንዳንዱ 10 በ35 ሳንቲ ሜትር ቢሆን በድምሩ 700 ካሬ ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ትራሱ ሙሉ በሙሉ ገላውን ከነካ እያንዳንዱ ካሬ ሳንቲ ሜትር ከ30 ግራም ያነሰ ይሸከማል። ሙሌቱ ጓል ሠርቶ ጀርባውን የሚነካው 70 ካሬ ሳንቲ ሜትር ብቻ ከሆነ ግን ያው 20 ኪሎ በአሥር እጥፍ በርትቶ በዚያች ቦታ ላይ ያርፋል። ጋሪው ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ከዚህም ይብሳል። ሳይቋረጥ የሚጫን ነገር በቆዳው ውስጥ ያለውን የደም ዝውውር ይዘጋል። መጀመሪያ ፀጉሩ ይረግፋል፤ ቀጥሎ ቆዳው ይቆስላል፤ ቁስሉ ሲድን ደግሞ በቦታው ነጭ ፀጉር ይበቅላል። ነጭ ነጠብጣብ ያለበት የፈረስ ጀርባ ስታዩ ቀድሞ የነበረው ድብዳብ የት የት ላይ ይጫን እንደነበር ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ አዲሱን ከመቁረጣችሁ በፊት አንብቡት።

ቁስል ራሱን ችሎ የሚቀር ጉዳት አይደለም። የአገራችንን የጋሪ ፈረሶች የሚያሠቃየው፣ በፈንገስ የሚመጣውና በቆዳ ሥር በመስመር እያበጠ የሚፈነዳው በሽታ የሚገባው በተከፈተ ቁስል ነው፤ በዝንብና በተበከለ ዕቃም ይተላለፋል። ስለዚህ አንዱን ድብዳብ ለሁለት ፈረስ አትሥሩ። ባለጋሪው ሁለት ፈረስ እያፈራረቀ የሚሠራ ከሆነ ሁለት ድብዳብ ያስፈልገዋል። ገንዘብ ካጠረው ቢያንስ ለየፈረሱ የሚወልቅና የሚታጠብ የሸራ ልብስ ስፉለት።

ስለ ስፖንጅም እዚሁ ልናገር። "ጋሼ፣ ስፖንጅ ብቻ ይጨምሩበት፤ ይበቃዋል" የሚሉኝ ወጣት ባለጋሪዎች ብዙ ናቸው። እኔም ቁራጭ ስፖንጅ እሰጥና "በአውራ ጣትህና በሌባ ጣትህ መካከል ያዘውና ተጫነው" እላለሁ። ጣቶቹ ወዲያው ይገናኛሉ። "የጋሪህ እንጨትና የፈረስህ አጥንትም እንደዚሁ ይገናኛሉ" ስለው አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ክርክር አይኖርም። ስፖንጅ በዚያ ላይ ላብ ይመጥጣል፤ አይደርቅም። የጤፍ ጭድ ደግሞ በጣም ደቃቅ ስለሆነ ተሰባብሮ ዱቄት ይሆናል። የማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ መሙላት ያለ ምንም ማመንታት ክልክል ነው፤ ያሞቃል፣ ይቆርጣል፣ ውኃም ይይዛል።

እንግዲህ ሱፉን እናዘጋጅ። መጀመሪያ ጭጎጎቱን፣ እሾሁንና የደረቀውን እበት በእጅ ልቀሙ። ይህን ሥራ ማሽን አይሠራውም፤ እንዲያውም ያልተለቀመ ጭጎጎት መባዘቻው ውስጥ ሲገባ ተሰባብሮ በሱፉ ሁሉ ይበተንና መርፌ ሆኖ ይቀራል። ቀጥሎ እጅ በሚችለው ሙቅ ውኃ፣ በሳሙና ወይም በእንዶድ እጠቡት። አትሹት፤ ዘፍዝፋችሁ በቀስታ ተጫኑት። ማለቅለቂያው ውኃም ለብ ያለ ይሁን። ሱፍ ከሙቅ ወደ ቀዝቃዛ ሲገባና ሲታሽ ይቆላለፋል፤ ከተቆላለፈ በኋላ ለድብዳብ አይሆንም። ቅባቱ በደንብ ካልወጣ ደግሞ ብል ይጠራል። በጥላ ሥር፣ በወንፊት ሽቦ ላይ ዘርግታችሁ በደንብ አድርቁት።

አባቶቻችን የደረቀውን ሱፍ የሚያባዝቱት በደጋን ነው። ደጋን ዛሬም ሥራውን ያውቃል፤ ለአንድ ወይም ለሁለት ድብዳብ ከበቂ በላይ ነው። ሱቅ ለመክፈት ግን ፍጥነት ስለሚያስፈልግ የሚከተለውን ማሽን በያጅና አናጺ ተባብረው ሊሠሩላችሁ ይችላሉ።

ከደረቀ ጠንካራ እንጨት 25 ሳንቲ ሜትር ስፋትና 40 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ድቡልቡል ግንድ አስወጡ። በመሐሉ 20 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የብረት ዘንግ ይለፍና በሁለቱ ጫፎች በኩሽኔታ ላይ ይቀመጥ። በግንዱ ላይ ሚስማሮች በመደዳ ይመቱ፤ ከእንጨቱ ውጭ 2 ሳንቲ ሜትር ይታዩ፣ እርስ በርሳቸው 3 ሳንቲ ሜትር ይራራቁ። የአንዱ መደዳ ሚስማር በሌላው መደዳ ክፍተት ትይዩ ይዋል እንጂ በአንድ መስመር አይቁም። ሚስማሮቹ ሁሉ ግንዱ ወደሚዞርበት አቅጣጫ በመጠኑ ያዘንብሉ፤ ቀጥ ብለው ከቆሙ ሱፉን ይገፉታል እንጂ አይዙትም። ራሳቸውን በሊማ አሹሉና ሹሉን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት፤ ሸካራ ጫፍ ፀጉሩን ይበጥሳል፣ የተበጣጠሰ ሱፍ ደግሞ ቶሎ ይሰምጣል። ከግንዱ በታች እንደ ቅርጹ የጎበጠ ሰሌዳ ይቀመጥ፤ በእርሱም ላይ ያሉት ሚስማሮች በግንዱ ሚስማሮች መካከል ሳይነካኩ ይለፉ። ሰሌዳው በቡሎን ከፍና ዝቅ እንዲል አድርጉ። መጀመሪያ ራቅ አድርጋችሁ አንድ ጊዜ ታሳልፋላችሁ፤ ከዚያ አቅርባችሁ ትደግማላችሁ።

በእጅ መዘውር ቢዞር ይበቃል። ሞተር ማድረግ ከፈለጋችሁ በደቂቃ ከ200 ዙር አይለፍ። በደቂቃ 1400 ጊዜ የሚዞር ሞተር ካላችሁ በሞተሩ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር፣ በግንዱ ላይ ደግሞ 35 ሳንቲ ሜትር የሆነ የቺንጋ መዘውር ስትገጥሙ ልኩ ይመጣል። ከዚህ ከፈጠነ ሱፉን ይቆራርጠዋል። በሞተር ለሚሠራ መባዘቻ የላሜራ ክዳን ግዴታ ነው፤ ሱፉ የሚገባበትም አፍ ረዘም ያለ ይሁን፣ ክንዳችሁ ቢገባ እንኳ ጣታችሁ ሚስማሩ ጋ የማይደርስበት። ነጠላ፣ ሻሽና ሰፊ እጅጌ ይዞ ወደዚህ ማሽን መቅረብ አይፈቀድም። ማጥፊያው በቆማችሁበት፣ ጉልበታችሁን አንሥታችሁ ልትገፉት በምትችሉበት ከፍታ ላይ ይሁን።

በደንብ የተባዘተ ሱፍ ወደ ብርሃን ቢያነሡት ቋጠሮ አይታይበትም። በጭብጣችሁ ጨምቃችሁ ስትለቁት ተመልሶ ይነፋል። ቋጠሮ ካያችሁ ያንኑ ብቻ ለይታችሁ መልሱት፤ ሁሉንም ደጋግሞ ማሳለፍ ፀጉሩን ያሳጥረዋል። 

ቆዳው ላይ ብዙ አልቆይም። ለላይኛው ክፍል ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የለፋ የበሬ ቆዳ፣ ለትራሱ ከ1.2 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር የሆነ የፍየል ሌጦ ውሰዱ። የሌጦው ልስልስ ፊት ወደ ፈረሱ ይሁን። ጨው የቀረበት ሌጦ በላብ ሲርስ ገላን ይለበልባል፤ በምላሳችሁ ነክታችሁት ጨው ከቀመሳችሁ እንደገና አጥባችሁ አድርቁት። ለማለስለስ ሞራና ሰም አቅልጣችሁ የተቀላቀለውን ለብ እያለ ቀቡት። የተልባ ዘይት አትቀቡ፤ ሲቆይ ይደርቅና ቆዳውን ያገትረዋል።

አሁን ስለ ስፌት መኪና። ቤት ያለው ተራ ሲንጀር አቡጀዲና ሸራ ይሰፋል፤ ቆዳ አስገድዳችሁ ብታሰፉት ግን መርፌው ይሰበራል፣ ልኩም ይዛባል። ለጀማሪ ሱቅ እኔ የምመርጠው ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ሲንጀር 29ኬን ወይም በእርሱ አምሳል የተሠራውን በእጅ የሚዞር መኪና ነው። በቁጥሩ ላይ ያለችው "ኬ" ስኮትላንድ፣ ክላይድባንክ የነበረውን የኪልቦዊ ፋብሪካ የምታመለክት ናት፤ እነዚያ የቆዩ መኪናዎች በደንብ ከተያዙ ዛሬም ይሠራሉ። ትልቁ ጥቅማቸው ቆዳውን የሚጫነው እግር በፈለጉት አቅጣጫ መዞሩ ነው። የድብዳብ ትራስ ማዕዘኑ ሁሉ ክብ ስለሆነ ቆዳውን ሳታዞሩ እግሩን እያዞራችሁ መስፋት ትችላላችሁ። ጉድለታቸው ደግሞ የታችኛው ክር መጠቅለያቸው ትንሽ መሆኑና ወፍራም ክር አለመቻላቸው ነው። ስለዚህ ትራሱን በእርሱ፣ ወፍራሙን የላይኛውን ቆዳ በእጅ፣ በሁለት መርፌና በሰም በተለበጠ ክር ስፉ።

ሥራው ሲበዛ ከባዱን የቆዳ መኪና ታስባላችሁ። ጁኪ 441 እና በእርሱ አምሳል የሚሠሩት መርፌው፣ የላይኛው እግርና የታችኛው ጥርስ አብረው ስለሚራመዱ ድርብ ቆዳ ሳይንሸራተት ይሰፋሉ። ይህን መኪና ስትገዙ ሞተሩን ተመልከቱ። ገና ሲነካ በሙሉ ፍጥነት የሚነሣ ሞተር ለድብዳብ አይሆንም፤ አንድ አንድ ስፌት እየቆጠራችሁ እንድትሄዱ የሚፈቅደውን ፈልጉ።

የመርፌው ጫፍ ለቆዳ ስለታም፣ ለሸራ ድቡልቡል ይሁን። ለትራሱ 110 ወይም 120 ቁጥር፣ ለወፍራሙ 140 ወይም 160 ቁጥር ይስማማል። የስፌቱ ርዝመት ከ4 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ይሁን። አሳጥራችሁ ከ3 ሚሊ ሜትር ብታወርዱት የሚጠነክር ይመስላል፤ እውነቱ ግን ቀዳዳዎቹ ተቀራርበው ቆዳው በመስመሩ መቀደዱ ነው።

ትራሱን የምትሰፉት ገልብጣችሁ ነው። የታችኛውን ሌጦና ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ቁመት ያለውን ግድግዳ ፊት ለፊት አጋጥማችሁ ከውስጥ ስፉና መልሳችሁ ገልብጡት፤ ስፌቱ ውስጥ ይቀራል። ፈረሱን በሚነካው ገጽ ላይ ስፌት፣ ቋጠሮ፣ ሚስማር ወይም ማስቲሽ የተቀባ ጥገና መኖር የለበትም። በላይኛው ገጽ ላይ ሙሌቱ የሚገባበት 12 ሳንቲ ሜትር ያህል ክፍት ቦታ ተዉ። ይህ አፍ ለዘለቄታው በጠፍር የሚታሰር እንጂ ተሰፍቶ የሚዘጋ አይደለም፤ ምክንያቱን ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

የመሙያው ሥራ ሁለት መሣሪያ ይፈልጋል። የመጀመሪያው የመሙያ ብረት ነው። 10 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 45 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ካለው ለስላሳ ብረት ይሠራል። ፌሮ አትውሰዱ፤ ጥርሱ ሱፉን መልሶ ይጎትተዋል። ጫፉን አንጥረኛ ጠፍጥፎ በመሐሉ ትንሽ ሰንጣቃ ያውጣለት፤ ሰንጣቃው ሱፉን ይይዝና ወደፈለጋችሁበት ጥግ ይወስደዋል። ጠርዙን በሊማ አለስልሱት፤ ሌጦ እንዳይቀድ።

ሁለተኛው የመሙያ ማሽኑ ነው። 50 ሚሊ ሜትር ስፋትና 30 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ቱቦ ጠረጴዛ ላይ በአግድም ይበየዳል። በላዩ ላይ ሱፍ የሚጨመርበት የላሜራ ማስገቢያ ይኖረዋል። በቱቦው ውስጥ 46 ሚሊ ሜትር የሆነ የእንጨት መግፊያ ይመላለሳል፤ የሚገፋውም በማንሻ ነው። የማንሻው እጀታ ከማጠፊያው 1 ሜትር፣ መግፊያው የሚያያዝበት ቦታ ደግሞ 20 ሳንቲ ሜትር ቢርቅ ጉልበታችሁ በአምስት ይባዛል፤ በ10 ኪሎ ግፊት 50 ኪሎ ታገኛላችሁ። ከዚህ በላይ አትሂዱ፤ ትራሱ ድንጋይ ይሆናል። ቱቦው የሚያልቅበት አፍ ጠርዙ ወደ ውጭ ጠምዘዝ ይበልና ይለስልስ፤ የትራሱ አፍ የሚጠልቀው በእርሱ ላይ ነው።

በአሜሪካ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለአንገት ዕቃ ረጅም የእህል አገዳ የሚሞሉ ማሽኖች ነበሩ። የሚሠሩትም ጫፉ በተሰነጠቀ ዘንግ ነበር፤ ዘንጉ እየተመላለሰ አገዳውን ወደ ውስጥ ይነዳዋል። በሱፍ የሚሞላውን የኮርቻ ትራስ ግን በፈረስ ዕቃ ሥራ በታወቀችው የእንግሊዝ ከተማ በዋልሶልም ቢሆን ባለሙያ እስከ ዛሬ በእጁ ይሞላዋል። ይህን ያነሣሁት በማሽኑ ላይ ሙሉ እምነት እንዳትጥሉ ነው። ማሽኑ መሐሉን እንጂ ማዕዘኑን አያውቅም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ በመሙያ ብረቱ ከአፉ ወደራቁት ማዕዘኖች ትንሽ ትንሽ ጭብጥ ሱፍ አድርሱ። ሱፉን ጠቅልላችሁ አታስገቡ፤ እንደተበተነ ይግባ፣ አዲሱ ከቀደመው ጋር ይያያዝ። ዙሪያው ሲያዝ ትራሱን በማሽኑ ቱቦ ላይ አጥልቃችሁ መሐሉን ሙሉ፤ በየግፊቱ ትራሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ አንቀሳቅሱት፣ አለዚያ ሱፉ በአንድ መስመር ይደረደራል። ሊሞላ ትንሽ ሲቀረው አውርዱትና በእጅ ጨርሱት። ጠፍጣፋ የእንጨት መዶሻ ወስዳችሁ ላዩን በቀስታ ምቱት፤ ጉድጓድ ሲወጣ በዚያ ቦታ ጨምሩ። ከዚያ ዐይናችሁን ጨፍናችሁ በመዳፋችሁ ዳብሱት። ዐይን ያታልላል፤ መዳፍ ግን ፈረሱ የሚሰማውን ይሰማል። በመጨረሻ ሁለቱን ትራሶች ሚዛን ላይ አውጧቸው። ልዩነታቸው ከ30 ግራም ከበለጠ አንደኛው ጎን ከፍ ብሎ ጋሪውን ያዘነብለዋል።

ትራሶቹ ከላይኛው ቆዳ ጋር ሲያያዙ በመካከላቸው ከ6 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር ባዶ ቦታ ይቅር። አከርካሪው በምንም ነገር መነካት የለበትም። ጋሪው ከተጫነ በኋላ ሦስት ጣቶቻችሁን አቁማችሁ ከፊት ወደ ኋላ ስታሳልፉ ካልጠበባችሁ ልክ ነው።

ልኩን ለመውሰድ ወፍራም የመብራት ሽቦ በቂ ነው። ከጋማው ማብቂያ ጀምሮ ከፍ ያለውን አጥንት እለፉና ድብዳቡ በሚያርፍበት በፊቱ፣ በመሐሉና በኋላው ሽቦውን በጀርባው ላይ አጉብጣችሁ ቅርጹን ካርቶን ላይ ሣሉት። ካርቶኑን ቆርጣችሁ የፈረሱን ስም ጻፉበትና አስቀምጡ። ፈረስ በበጋ ሲከሳና ሣር ሲያገኝ ሲወፍር ቅርጹ ስለሚለወጥ የዓምናው ካርቶን ለዘንድሮ ላይሆን ይችላል።

የመጀመሪያው ፈተና ላብ ነው። በድብዳቡ ሥር ንጹሕ ነጭ አቡጀዲ አድርጋችሁ ፈረሱ ግማሽ ሰዓት ጋሪ ይጎትት። ሲመለስ ሁለት ወጥ የላብ አሻራ ማየት አለባችሁ። በላቡ መሐል ደረቅ ሆኖ የቀረ ትንሽ ቦታ ካለ በዚያ ላይ ግፊቱ በዝቷል ማለት ነው፤ ትራሱን ፈትታችሁ ከዚያ ቦታ ሱፍ ቀንሱ። አንዳንድ ሰው በተቃራኒው እዚያ ይጨምራል፤ ቁስሉን ያፋጥነዋል።

የደረቱን ማሰሪያ ትራስ በዚሁ መንገድ ሥሩት፤ ስፋቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ ግን ከጀርባው ግማሽ ይሁን። ከትከሻው ጉልህ አጥንት በላይ፣ ከጉሮሮው በታች ያርፋል። ዘለበቱ ከትራሱ ጫፍ ውጭ እንዳይወጣ ተጠንቀቁ።

አዲስ ሱፍ በላብና በጭነት ይሰምጣል፤ ጥሩ ሱፍም ቢሆን ይሰምጣል። ስለዚህ ድብዳቡ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት ሥራ በኋላ መመለስ አለበት። አፉን በጠፍር ያሰርነው ለዚህ ነው፤ ፈትታችሁ በመሙያ ብረቱ የረጋውን ሱፍ ታነቃቃላችሁ፣ ጥቂት ትጨምራላችሁ፣ በሚዛኑ ታስተካክላላችሁ። ከዚያ በኋላ ክረምት ሊገባ ሲልና ሲወጣ ቢታይ ይበቃል። ባለጋሪ የዕለት ገቢውን ትቶ ገንዘብ ለመክፈል ተመልሶ እንደማይመጣ አውቃለሁ። የድብዳቡን ዋጋ ስትነግሩት የመጀመሪያውን ዳግም ሙሌት አብራችሁ ቁጠሩለት፤ የሚመለስበትንም ቀን በላይኛው ቆዳ ውስጠኛ ፊት ላይ ጻፉለት።